ደወሉን የዋጠችው ዝይ

እታለም ባለችበት ቤት ፊልም ማየት ከንቱ ድካም ነበር። ይህን ቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም ያውቃል። ገና የመግቢያው ሙዚቃ ሳያልቅ፣ ገና ሟቹ በወጉ ሳይሞት፣ እታለም ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ትልና "ዶክተሩ ነው" ትላለች። ከዚያ ምንም እንዳልተናገረ ሰው ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ፖሊሶቹ ላይ ታች ብለው፣ የሟች ሚስት አልቅሳ፣ ስንት መኪና ከስንት መኪና ተጋጭቶ፣ መጨረሻ ላይ ዶክተሩ በካቴና ታስሮ ይወጣል። ያኔ እታለም መቀሷን ታነሳና ክሩን ቀጭ ታደርገዋለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። ሰውን የሚያናድደው ይኸው አለመጨመሯ ነበር።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቅ ውሎ ሲገባ፣ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ የሚያያት አንዲት ተከታታይ ድራማ ነበረችው። እታለም ይችን ድራማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ባየችበት ቀን "የገደለችው እህትየዋ ናት" ብላ ገላገለችው።

"አንቺ ሴት፣ እኔ ምን በደልኩሽ?" አለና ቴሌቪዥኑን አቅፎ መኝታ ቤት ገባ። በሩንም ቆለፈ።

እታለም ከበሩ ውጭ ሆና "በመርዝ ነው!" አለችው።

በዚህ ቤት ያደገችው የእህቷ ልጅ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት እታለምና ባሏ እንደ አብራካቸው ክፋይ አሳደጓት። ስም አላት፤ ቤት ውስጥ ግን ማንም አይጠራበትም። ያኔም ሚጣ ነበረች፣ ዛሬ ሠላሳን አልፋም ሚጣ ናት። የእታለምን ባል "ጋሼ" ትለዋለች።

ለሚጣ በልጅነቷ አክስቷ አስማተኛ ትመስላት ነበር። ስታድግ ግን እታለም ሕግ እንዳላት ገባት። "ገና ሲገባ ፊቱ የጠቆረ፣ ጢሙን የሚያፍተለትል፣ ያለምክንያት የሚስቅ ሰው ካለ እሱ ንጹህ ነው፤ እኛን ሊያሞኙ ነው ያመጡት" ትላለች። "ሳይጠሩት ሻይ ይዞ ከሚመጣው ደግ ሰው ላይ ዓይንሽን አትንቀዪ።" ደግሞም፣ "ይህን የሚያህል ተዋናይ በር ሊከፍት ብቻ አይመጣም።" ካርቱንማ ለእሷ ከሁሉም የቀለለ ነበር። "ያ መሳቢያ ከሌሎቹ ቀለሙ ፈካ ብሏል፤ አሁን ይከፈታል" ትላለች፤ ይከፈታል።

መሳቢያው ለምን እንደሚፈካ ሚጣ ያወቀችው ሥራዬ ብላ ስትገባበት ነው። የሚንቀሳቀሰው ነገር ከኋላው ካለው ሥዕል ተለይቶ ስለሚሳል ቀለሙ እንደልብ አይገጥምም። ሚጣ የካርቱን ደራሲ ሆናለች። የምትሠራበት ስቱዲዮ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ያሉ ሦስት ክፍሎች ነው። በአንደኛው ሠዓሊዎቹ ጎብጠው ይስላሉ። የሁለተኛው ግድግዳ በፍራሽ ስፖንጅ ተለብጦ ድምፅ ይቀረጽበታል። በሦስተኛው አለቃውና የሻይ ማፍያው ይኖራሉ። ከታች ጎማ በተነፋ ቁጥር ቀረጻው ይቆማል፤ ፉጨቱ እስኪያልቅ ሁሉም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

የሚሠሩት "ባለጭራዎቹ" የሚባል የልጆች ካርቱን ነው። በአንድ መንገድ ላይ ስለሚኖሩ እንስሳት ይተርካል። አስተማሪዋ ዝይ አለች። ፊኛ የሚሸጠው ጃርት አለ፤ እሾሁ ገበያውን ሁልጊዜ ይበሳበታል። ጢሙ ረጅም የሆነ ጥቁር ድመት አለ። የሰፈሩን ጉዳይ ሁሉ የሚመረምረው ደግሞ ኤሊው ነው። ሌባ ሮጦ ቢያመልጠው አይገርምም፤ እሱ ግን ሁልጊዜ ይገረማል።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ፣ ካርቱኑን የሚያስተላልፈው ጣቢያ ለእረፍቱ የሚሆን ልዩ ክፍል ጠየቀ። አለቃው በሙቀትም የሱፍ ኮፍያውን የማያወልቅ፣ ሲያወራ በጣቱ አየር ላይ የሚስል ሰው ነው።

"የምርመራ ታሪክ ይሁን" አለ። "የትምህርት ቤቱ ደወል ይጥፋ። መብራት ድርግም ይበል። ዱካ ይገኝ። ጥቁሩ ድመት በጨለማ ውስጥ ይሳቅ። መጨረሻ ላይ ኤሊው ሁሉንም አንድ ሳሎን ሰብስቦ 'ሌባው ከመካከላችን ነው!' ይበል። እነዚህ ከሌሉ ምርመራ አይባልም።"

"ሁሉም ይኖራሉ" አለች ሚጣ። በልቧ ግን የምታስበው ሌላ ነበር። እታለም የማትደርስበት ታሪክ ልትጽፍ ነው።

እቤት ገብታም ይህንኑ በአፏ ተናገረችው። እታለም መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች ሳቀች።

"ሞክሪያ የኔ ልጅ።"

"እኔ ያልቻልኩትን አንቺ ከቻልሽ" አለ ጋሼ፣ "አውቶቡሱን በስምሽ አዞረዋለሁ።"

"አውቶቡሱ ያንተ ነው እንዴ?" አለች እታለም።

በመጀመሪያው ጽሑፍ ደወሉን የሰረቀችው ዝይዋ ነበረች፤ ጩኸቱ ራሷን እያመማት። ሚጣ ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎን ተቀምጣ ጮክ ብላ አነበበች። እታለም የሸሚዝ ኮሌታ እየገለበጠች አዳመጠች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ "ዝይዋ ናት" አለች።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ኤሊው ሁሉንም ሲያፋጥጥ እሷን 'አንቺ እንኳ ደግ ነሽ' ብሎ አለፋት። ለምን አለፋት? አንቺ ስላሳለፍሻት ነዋ።"

በሚቀጥለው ጽሑፍ ሌባው ራሱ ኤሊው ነበር። ተኝቶ እየሄደ ደወሉን ወስዶ ራሱ ሲፈልገው ይውላል። ሚጣ በዚህኛው ተማምና ነበር። እታለም ግን "ራሱ ነው" አለች። "ጠዋት ሲነሳ ጫማው ጭቃ ነበር አልሽኝ። ጭቃውን ለምን ነገርሽኝ?"

ሦስተኛው ላይ ሌባ የሚባል ነገር አልነበረም። ደወሉ ከመስኮት ተንከባሎ የጃርቱ ጆንያ ውስጥ ገብቷል። ሚጣ የመጀመሪያውን ገጽ ሳትጨርስ እታለም ጨርቋን አራገፈችና "ማንም አልሰረቀውም" አለች።

"ይሄንን እንኳ ልታውቂ አትችዪም! ምንም አላልኩም እኮ!"

"ከፊትሽ ያስታውቃል። ስታነቢ 'አሁን ገና ያዝኳት' የሚል ነገር አለብሽ።"

ሚጣ እሳት ጎረሰች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስትወረውረው የጨርቅ ቁርጥራጩ ወለሉ ላይ ተበተነ። "አንድ ቀን! አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ዝም ብለሽ ብትሰሚኝ ምናለበት? ሁልጊዜ አንቺ ማወቅ አለብሽ?"

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። እታለም ጎንበስ ብላ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ለቀመች። 

ያን ምሽት ቴሌቪዥኑ ላይ ከባድ ወንጀል ተሠራ፤ አንድ ሀብታም ሰውዬ በገዛ ቤተ መጻሕፍቱ ተገደለ። እታለም ትንፍሽ አላለችም። ጋሼ ፊልሙን ትቶ እሷን ያይ ጀመር። ሲለምነው የኖረው ጸጥታ ሲመጣ እንግዳ ሆነበት።

"ማን ይመስልሻል?" አላት መጨረሻ ላይ።

"እኔ ምን አውቄ" አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሚጣ ሻይ ቀድታ ስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ አለች። "እታለም፣ ስለ ትናንቱ…"

"ተይው፤ ልክ ነሽ።" እታለም የመኪናውን ጎማ በእጇ ቀስ አድርጋ አዞረች። "እኔ ግን ሰው ላናድድ ብዬ አይደለም፣ ሚጣዬ። ትምህርቱን ያቋረጥኩት ገና ልጅ ሆኜ ነው። አባታችን ታመመ፣ እናትሽ እንዲህ ትንሽ ነበረች፣ እኔ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ጠይቆኝ፣ መልሼለት፣ 'ትክክል!' ያለኝ ሰው የለም። ሰው እኔን የሚለኝ 'ጠበበኝ' ነው፣ 'ረዘመብኝ' ነው። ፊልሙ ግን መጨረሻ ላይ 'ትክክል ነሽ' ይለኛል። በቃ፣ እሱ ነው። ደስ ይለኛል። ደረቴን ነፋ አድርጌ እተኛለሁ።"

ሚጣ ተነስታ የአክስቷን ግንባር ሳመች፤ ይህን ለመጨረሻ ጊዜ ያደረገችው በስንት ዓመቷ እንደሆነ ሁለቱም አላስታወሱም።

ያን ቀን ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ነበር። ነገሩ ከነከናት። እነዚህን ሁሉ ቀናት የለፋችው ለምን ነበር? ልጆቹ እንዳይደርሱበት። ጎበዝ ነን ብለው እንዳይተኙ። ትልቅ ሰው ጽፎት፣ ትልቅ ሰው ስሎት፣ መጨረሻ ላይ ትንንሾቹን "አየህ፣ አላወቅህም" የሚል ታሪክ ልትሠራላቸው። አንዲት ልብስ ሰፊ ከፊልም የምታገኛትን ያቺን ትንሽ ደስታ ከሰባት ዓመት ልጅ ላይ ልትነጥቅ ነበር የምትታገለው። ሳታስበው "እንዴ!" ብላ ጮኸች። አጠገቧ የቆሙት ሰውዬ ኪሳቸውን ዳበሱ።

እንደደረሰች አዲስ ጽሑፍ ጀመረች። ከሰዓት በኋላ አለቃው ዘንድ ይዛው ገባች። አለቃው አነበበ፤ እያነበበም ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋው።

"መብራት ጠፋ፣ ጥሩ። ጨለማው ውስጥ የዝይዋ ነጭ አንገት ብቻ ይታያል፣ ጥሩ። ራቷን ስትበላ በቆሎው መሃል የወደቀውን ደወል ትውጣለች። ደወሉ በአንገቷ ሲወርድ እናያለን።" ቀና አለ። "ሌባዋን እኮ በመጀመሪያው ደቂቃ ነገርሻቸው!"

"አዎ።"

"ሚስጥሩን ከነገርሻቸው ምን ይጠብቃሉ?"

"ኤሊውን ይጠብቃሉ" አለች ሚጣ። "አንተ ያልከው ሁሉ አለ። ዱካው አለ፣ ድመቱ ይስቃል፣ ሳሎን ይሰበሰባሉ። ግን ዝይዋ በተነቃነቀች ቁጥር ሆዷ ውስጥ ደወሉ ቅጭል ይላል። ልጆቹ ያውቃሉ። ኤሊው ብቻ ነው የማያውቀው።"

ሌላው ተቃዋሚ ለኤሊው ድምፃቸውን የሚሰጡት ሰውዬ ነበሩ። ጋሽ ጎርናና ይባላሉ። በወጣትነታቸው ሬዲዮ ላይ ዜና አንብበዋል፤ "ደህና ዋላችሁ" ሲሉ እንኳ ከባድ ነገር የተፈጠረ ይመስላል። ጽሑፉን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔ ይህን ኤሊ ሞኝ አላደርገውም" አሉ። "ልጆች ያከብሩታል። እኔንም መንገድ ላይ ያከብሩኛል። ሆዷ እንደ ቤተ ክርስቲያን እየደወለ የማይሰማ፣ ምን ዓይነት መርማሪ ነው?"

"ሞኝ ሆኖ አይደለም፣ ጋሽዬ" አለች ሚጣ። "ይሰማል። 'ደወል ይሰማኛል፣ ሌባው ቅርብ ነው' ይላል። ግን ዝይዋ አስተማሪው ነበረች። ስለሚያከብራት ከእሷ ይመጣል ብሎ ለማሰብ ልቡ እሺ አይለውም።"

ጋሽ ጎርናና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "አስተማሪው ነበረች?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ገባኝ" አሉ። "እኔም የአስተማሪዬ ሆድ ቢጮህ አልሰማሁም ነው የምለው።"

አለቃው ግን ልቡ አልተረጋጋም። "ልጆች ፊት እንሞክረው" አለ። "ካዛጉ፣ ወደ ጥንቱ እንመለሳለን።"

መሞከሪያ ቦታውን ያገኘችው እታለም ናት። የደንብ ልብሱን የምትሰፋለት ትምህርት ቤት አንድ ሰፊ ክፍል ፈቀደላት። መስኮቶቹን ለመጋረድ ለቀሚስ የተዘጋጀውን ሰማያዊ ጨርቅ ከነጥቅሉ አመጣች፤ እሷና ጋሼ ወንበር ላይ ቆመው ሰቀሉት። ሥዕሎቹ ገና ቀለም አልተቀቡም፣ አይንቀሳቀሱምም። አንድ በአንድ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሊታዩ ነው። ድምፁም አልተቀረጸም። ስለዚህ ጋሽ ጎርናና ጽሑፉን ይዘው ከግድግዳው ጎን ቆሙ። ሚጣ ደግሞ ዝይዋን ልትሆን፣ የእውነት የእጅ ደወል ይዛ ከኋላቸው ቆመች። ሳይጀመር እንዳይጮህም ደወሉን በሻርፗ ጠቀለለችው።

ልጆቹ ተግተልትለው ገቡ። ወንበሩ ስላልበቃ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እታለምና ጋሼ ከኋላ ነበሩ። ከእታለም ጎን የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ ጉልበቷን አቅፋ ቁጭ ብላለች።

መብራት ጠፋ። ግድግዳው ላይ የዝይዋ ነጭ አንገት ታየ። ምንቃሯ ሳህኑ ውስጥ ገባ። ሚጣ "ጉልቅ" አለች። ቀጥሎ በመጣው ሥዕል የደወል ቅርጽ ያለው እብጠት አንገቷ ላይ ነበር፤ በሚቀጥለው ዝቅ ብሎ፣ በሚቀጥለው ሆዷ ደርሶ። ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ትንሽ፣ እንደ መሳሳቅ ያለ። አለቃው ኮፍያውን አወለቀ። ኮፍያውን ሲያወልቅ ሚጣ አይታው አታውቅም፤ የበለጠ ፈራች።

ኤሊው መጣ። "ማንም ከዚህ እንዳይወጣ!" አሉ ጋሽ ጎርናና፤ ልጆቹ በዚያ ድምፅ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ጥቁሩ ድመት ጢሙን እያፍተለተለ ሳቀ። ኤሊው ወደ ድመቱ ሄደ። ዝይዋ ከኋላው አለፈች።

ቅጭል።

"ጸጥታ!" አሉ ጋሽ ጎርናና። "ደወል ይሰማኛል! ይህ ማለት ሌባው ቅርብ ነው ማለት ነው!" ኤሊውም ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ የድመቱን ጢም መመርመር ጀመረ።

ከፊት ረድፍ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። "ዝይዋ ናት እኮ።"

ሌላው ተቀበለ። "ዝይዋ ናት! ሆዷ ውስጥ ነው!" ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ተነሳ። ወለሉ ላይ የተቀመጡት በጉልበታቸው ቆሙ፣ ጣት ሁሉ ወደ ግድግዳው ተቀሰረ።

ጋሽ ጎርናና መስመሩ ጠፋባቸው። ዜና ሲያነቡ በኖሩበት ዕድሜ መሃል ገብቶ ያረማቸው ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ዝቅ አደረጉና ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር ተናገሩ። "ማነው ምርመራዬን የሚረብሸው?"

"ዝይዋ ናት!"

"ዝይዋ? እሷማ አስተማሪዬ ናት! አፍህን ያዝ!"

"ከኋላህ ናት! ከኋላህ!"

ጋሽ ጎርናና የምራቸውን ዞሩ። ከኋላቸው ሚጣ ደወሉን ይዛ ቆማለች። ደወሉን ቶሎ ጀርባዋ ደበቀች፤ ሲደበቅም ቅጭል አለ። "እዚህ ማንም የለም" አሉ ጋሽ ጎርናና ወደ ልጆቹ ተመልሰው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወለሉ ላይ የሚንከባለል ነበር።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ሚጣ ወደ ኋላ አየች። ጥርሷ የወለቀችው ልጅ የእታለምን ክንድ ይዛ ትጎትታለች።

"እማማ! እማማ፣ አወቁ? ዝይዋ ናት!"

እታለም ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። "ኧረ?" አለች። "እኔ ደግሞ ድመቱ መስሎኝ። ሲስቅ አላየሽውም?"

"ድመቱ ዝም ብሎ ነው የሚስቀው! እሱ ምንም አላደረገም። ደወሉ እሷ ሆድ ውስጥ ነው። ስትሄድ ይጮሃል፣ ይስሙ!"

ቅጭል።

"እውነትሽን ነው እንዴ!" አለች እታለም። እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እኔ እኮ አልገባኝም ነበር። እንዴት ደረስሽበት?"

ልጅቷ ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳቻት፤ በቆሎውን፣ ጨለማውን፣ አንገቷን። እታለም ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻት። በመጨረሻ "ትክክል!" አለቻት፣ "ጎበዝ!" ልጅቷ ደረቷን ነፋች። ጋሼ ግድግዳውን ትቶ ሚስቱን አየ።

ኤሊው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ። ድመቱን ከሰሰ፣ ጃርቱን ከሰሰ፣ የጃርቱን ፊኛ ከሰሰ፣ በመጨረሻ የገዛ ባርኔጣውን ከሰሰ። ዝይዋ ስቅ አላት። ደወሉ ዘሎ ወጥቶ ኤሊው እግር ስር አረፈ። "አፍሬ ነው" አለች በሚጣ ድምፅ። "ተማሪዎቼን 'ስትበሉ አትቸኩሉ' የምል እኔ፣ እንዴት ዋጥኩት ልበል?" ኤሊው ደወሉን አነሳ፣ ጠረገው፣ በሁለት እጁ ለአስተማሪው መለሰላት። "ከመጀመሪያውም ጠርጥሬ ነበር" አለ።

"ውሸትህን ነው!" አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

አለቃው ኮፍያውን መልሶ አደረገ። "በቃ፣ ይኸው ነው" አለ። "አንድ መስመር እንዳትቀይሪ።"

አንድ ነገር ግን ተቀየረ። ጋሽ ጎርናና ልጆቹ የሚናገሩበት ቦታ ይተውላቸው አሉ። "እኔ ልጠይቃቸው፣ ከዚያ ዝም ልበል፣ እነሱ ይመልሱ" አሉ። ስለዚህ ሲቀረጽ በየቦታው ባዶ ጸጥታ ተተወ። ኤሊው "ማነው?" ብሎ ይጠይቅና ዓይኑን ወደ ተመልካቹ ያፈጣል፤ ድምፅ የለም። ታች ጎማ ቤት ያሉት ሰዎች እንኳ በእነዚያ ጸጥታዎች ጊዜ ማሽናቸውን እንዲያቆሙ ሠዓሊዎቹ በየተራ እየወረዱ ለመኑ።

ሥራው ተልኮ ጥቂት እንደቆየ ጣቢያው ደወለ። ሚጣ አለቃው ክፍል ነበረች፤ ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ይሰማታል። "ፋይሉ ችግር አለበት" ይላል ባለሙያው። "ድምፁ ደጋግሞ ይቋረጣል። አስተካክላችሁ ላኩልን።"

አለቃው ብድግ አለ። "አልተቋረጠም" አለ። "ያ የልጆቹ ተራ ነው።"

"የማን ተራ?"

"የልጆቹ። ደራሲያችን ለእነሱ የጻፈችው ነው። እንዳለ ይተላለፍ።" ስልኩን ሲዘጋ ጣቱ አየር ላይ ምንም አልሳለም። ሚጣን አያት፤ ሻይ ራሱ ቀዳላት።

የሚተላለፍበት ቀን ደረሰ። የእታለም ሳሎን ገና በጠዋቱ በልጆች ተሞላ። የስፌት መኪናው ክዳኑ ተደፍቶበት ሦስት ልጆች ተቀምጠውበታል። ጋሼ ከመኝታ ቤት ቴሌቪዥኑን አቅፎ አውጥቶ መሃል ቦታ አቆመው። እታለም ለሚገባው ሁሉ "የኔ ልጅ ናት የጻፈችው" ትላለች። የሰማውም ቢሆን ዞሮ ሲገባ ይነገረዋል።

ሚጣ መቀመጥ አልቻለችም። የመግቢያው ሙዚቃ ሲጀምር ክር ልገዛ ነው ብላ ወጣች። መንገዱ ጭር ብሏል። ሙቀት ስለነበር በሁለቱም ወገን የቤቶቹ መስኮት ሁሉ ተከፍቷል። ከየመስኮቱ ያው የጋሽ ጎርናና ድምፅ ይወጣል፤ አንዱ ቤት ትንሽ ቀድሞ፣ አንዱ ትንሽ ዘግይቶ። ከአንደኛው ፎቅ "ማንም ከዚህ እንዳይወጣ!" ከማዶ ደግሞ "…እንዳይወጣ!" እሷ በዚያ መሃል አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች።

ቅጭል፣ አለ ከቀኝ። ቅጭል፣ አለ ከግራ።

ከዚያ ኤሊው "ማነው?" ብሎ ጠየቀና መንገዱ በሙሉ ዝም አለ። ሚጣ ቆመች።  ይህን ጸጥታ በወረቀት ላይ የጻፈችው እሷ ናት፤ እንዲህ ረጅም መሆኑን ግን አላወቀችም።

መልሱ ከሁሉም መስኮት በአንድ ጊዜ ወጣ። "ዝይዋ ናት!" ከምድር ቤት፣ ከፎቅ፣ ከተዘጋ ሱቅ ጀርባ፣ ከማታውቀው ቤት፣ ከማታውቃቸው ልጆች። "ከኋላህ! ከኋላህ ናት!" አንዱ መስኮት ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ወደ ቤት ውስጥ ዞራ አብራ ትጮሃለች።

በመንገዱ መሰላል ተሸክሞ ይመጣ የነበረ ሰውዬ ደንግጦ ቆመ። ወዲያ ወዲህ አየና ሚጣን "ምንድነው? ጎል ገባ እንዴ?" አላት።

"አይ፣ ጎል አይደለም" አለች ሚጣ። ድምጿ እንደሚሰበር ፈርታ ነበር፤ ጥርት ብሎ ወጣ። "የእኔ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ሰውዬው ከእግር እስከ ራሷ አያት። መሰላሉን ከትከሻው አወረደና ግድግዳው ላይ አስደገፈው። "እስቲ ልስማው" አለ፤ ቅርብ ወዳለው መስኮትም ተጠጋ።